ዴልፍት፤ ውሃን የሚያስተምሩባት ከተማ

አንባቢ ሆይ፤ ወደ ሆላንድ አገር የመሄድ ዕድል ቢያጋጥምዎ፥ ከሄግ ወደ ሮተርዳም በሚወስደው ባቡር ተሳፍረው ዴልፍት ላይ ይውረዱ። ከተማይቱ ትንሽ ብትሆንም፥ ከአፍሪካ፥ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ፥ ከአገራችንም ጭምር፥ ብዙ ወጣቶች በነጻ ትምህርት ዕድል የሚመጡባት ናት። የሚማሩትም ጎርፍን ስለ መከላከል፥ ድርቅን ስለ መቋቋም፥ በጠቅላላው ውሃን ስለ ማስተዳደር ነው።

በከተማይቱ ውስጥ ሲዘዋወሩ ቤቶቹን ተከትሎ የሚሄድ ጸጥ ያለ የውሃ ቦይ ያያሉ። የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግንብ፥ ከሥሩ ያለው መሬት ልል ስለ ሆነ፥ ወደ 2 ሜትር ያህል ዘመም ብሏል። ከሆላንድ ምድር አንድ አራተኛው ያህል ከባሕር ጠለል በታች ነውና፥ ሕዝቡ ከውሃ ጋር ሲታገል ኖሯል። በ1953 እ.ኤ.አ.፥ ጃንዋሪ 31 ለፌብሩዋሪ 1 አጥቢያ፥ ማዕበል የባሕሩን መከታ ሰብሮ 1,836 ሰዎች ሞቱ። ዛሬ አይ ኤች ኢ ዴልፍት የሚባለው የውሃ ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚያ 4 ዓመት በኋላ፥ በ1957 ነው።

ከአደጋው በኋላ ሆላንዶች ታላላቅ መከታዎች ሠሩ። መሐንዲሶቹ ኦስተርስኬልደ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ጨርሰው ሊደፍኑት አስበው ነበር። ዓሣ አጥማጆችና የተፈጥሮ ወዳጆች ግን፥ የባሕሩ ውሃ መግባቱን ካቆመ ዓሣው ይጠፋል ብለው ተቃወሙ። ከብዙ ክርክር በኋላ ዕቅዱ ተለወጠ። በ1986 ንግሥት ቤያትሪክስ የመረቁት መከታ 62 የብረት መዝጊያዎች አሉት፤ ባሕሩ ሰላም ሲሆን ይከፈታሉ፥ ማዕበል ሲመጣ ይዘጋሉ።

እንዲህ ያለው ምክክር ድንገት የመጣ አይደለም። በዴልፍት ዙሪያ ያለውን ውሃ የሚያስተዳድረው ጉባኤ ታሪኩ እስከ 1289 ወደ ኋላ ይደርሳል። ነዋሪው ለውሃው ግብር ይከፍላል፤ የጉባኤውንም አባሎች ድምፅ ሰጥቶ ይመርጣል።

«እኛ ባሕር የለን፤ ይህ ምን ይጠቅመናል?» ይሉ ይሆናል። በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨረሰ። ውሃው ቢለያይም የሚያስፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ግንብ ብቻውን አያድንም፥ ከግንቡ ጀርባ የሚመክር ሕዝብ ያሻዋል። ዕድርና ደቦ ላለው አገር ደግሞ ተሰብስቦ መምከር እንግዳ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ለነጻ ትምህርት ዕድል ከማመልከትዎ አስቀድሞ የራስዎን ወንዝ ይወቁ። ጎርፉ ዱሮ በየት ይወርድ እንደ ነበር፥ የትኛው ማሳ እንደሚዋጥ፥ ቦዩን ማን እንደሚጠርግ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ። ይህን ይዞ የሄደ ተማሪ ከሌላ አገር ለመጡት ጓደኞቹ የሚያካፍለው አያጣም፤ ወደ አገሩ ሲመለስም ከዲፕሎማው ሌላ የሚሠራበት ዕውቀት ይዞ ይገባል።