የቀኑን ፀሐይ ለሌሊት ስለ ማሳደር

ገበሬ በኅዳር ያጨደውን እኽል በዐውድማ ላይ ትቶት ወደ ቤቱ አይገባም። ወቅቶ፥ አበጥሮ፥ በጎተራ ያኖረዋል፤ ክረምት እንደሚመጣ ያውቃልና። ዛሬ በአዲስ አበባ ከተማ ብዙ ባለቤቶች በጣራቸው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ አውጥተው የኤሌክትሪክን ኀይል እንደ እኽል ማምረት ዠምረዋል። ዳሩ ግን ዐውድማውን አሰናድተው ጎተራውን የዘነጉ ጥቂቶች አይደሉም። የዚህ ጎተራ ስሙ ባትሪ ነው። ስለዚህ በልደታ ሰፈራችን በሦስት ቤት የኾነውን ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች ይጠቅማል ብለን እንጽፋለን።

ምናልባት አንባቢ፥ «ይህን ያህል ወንዝ ባለበት አገር ባትሪ ለምን ያስፈልጋል?» ይል ይኾናል። ጥያቄው የተገባ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ከብዙ ዘመን በፊት ሥራ ዠመረ፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኀይሉም 5,150 ሜጋዋት ነው። ነገር ግን ከወንዝ የተወለደ ኀይል ወደ አንድ ቤት እስኪደርስ ብዙ ማከፋፈያ፥ ብዙ ትራንስፎርመርና ብዙ ምሰሶ ያልፋል። ዛፍ ወድቆ ሽቦውን ቢበጥሰው ወይም ትራንስፎርመሩ ቢቃጠል፥ ግድቡ እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ ሰፈሩ ይጨልማል።

የመዠመሪያው ቤት የአንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ዠምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ስለ ተወሰነ፥ ሒሳባቸውን ለማቅለል ሰሌዳውን ያለ ባትሪ አስተከሉ። ሒሳቡም በእውነት ቀለለ። አንድ ቀን ግን በስድስት ሰዓት፥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፥ የሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ የእርሳቸውም ቤት አብሮ ጠፋ። «ፀሐይ በአናቴ ላይ ቆማ ቤቴ እንዴት ይጨልማል?» እያሉ ወደ እኛ መጡ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ከመንገዱ መስመር ጋራ ተያይዞ የሚሠራ ኢንቨርተር መስመሩ ሲቋረጥ ራሱን ያጠፋል። እንዲህ ባያደርግ ኀይሉ ከጣራ ወደ መስመሩ ተመልሶ፥ ሽቦውን ለመጠገን ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድለዋል። ሕጉ መልካም ነው፤ የሸጠላቸው ነጋዴ ግን ይህን አስቀድሞ አልነገራቸውም ነበር።

የኹለተኛው ቤት ጌታ ባትሪ እንደሚያስፈልግ ያውቁ ነበር፤ ርካሽ ነው ብለው ግን የጭነት መኪና ባትሪ ገዙ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰኮንድ ብዙ ኀይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው እንጂ፥ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲሰጥ አይደለም። በየሌሊቱ እስከ ታች ስለ ተሟጠጠ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። አሲዱም የመኝታ ቤቱን ወለል በላው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛው ቤት የእኛ ነው። እናታችን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚኾን ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ ፍሪጅ ደግሞ መብራት ከጠፋ በኋላ፥ በሩ ሳይከፈት፥ ቅዝቃዜውን የሚጠብቀው አራት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በግንቦት ወር ዕቁባችን በወጣልን ጊዜ፥ ገንዘቡ የሚያፈሰውን የጓዳ ጣራ ለመቀየር ታስቦ ነበር። ባትሪውም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ማናቸውም የውጭ ዕቃ ተወዷል። እናታችንም፥ «ልጄ፥ ስለ እኔ ብለህ ጣራውን አትተው፤ መድኀኒቴን በእርጥብ እንስራ ውስጥ አኑሩልኝ» አሉ። እንስራ በእውነት ያቀዘቅዛል፤ የተከፈተውንና በሥራ ላይ ያለውን ብልቃጥ ለጥቂት ሳምንት ከሙቀት ይጠብቃል፤ ለብዙ ወር የሚቀመጠውን ግን ወደ 8 ዲግሪ አያወርድም።

ባለቤታችን ይህን ክርክር ሰምተው፥ «እርስዎ በፍርድ ቤት ያለ ማስረጃ ነገር አይቆረጥም ይላሉ፤ እንግዲህ ለዚህም መዝገብ ይክፈቱለት» አሉን። ነገሩ እውነት ስለ ኾነ ሠላሳ ቀን ሙሉ መብራት የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ጻፍን። ዐሥራ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ረዥሙም 19 ሰዓት ቆየ። በዚህ ማስረጃ ፊት የጓዳው ጣራ ተረታ።

ከዚያ በኋላ የቤታችንን ፍጆታ አሰላን። ፍሪጁ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ አምፖሎቹ፥ ቴሌቪዥኑና ስልኮቹ አንድ ላይ 1 ኪሎዋት ሰዓት አይሞሉም። ስለዚህ ኹለት ኪሎዋት ሰዓት ለአንድ ቀን ይበቃናል። የገዛነው ባትሪ 51.2 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ነው፤ ኹለቱ ሲባዙ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ከመቶ 80 እጁን ብቻ ብንጠቀም፥ ፀሐይ ባትወጣም ኹለት ቀን ያሳድረናል። በጣራው ላይም እያንዳንዳቸው 550 ዋት የኾኑ ኹለት ሰሌዳዎች አወጣን።

የባትሪውም ዓይነት ሊታሰብበት ይገባል። የእርሳስና የአሲዱ ባትሪ በ1859 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ የፈጠረው ነው፤ ርካሽ ነው፥ ነገር ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከያዘው ግማሹን ብቻ ሊወስዱለት ይገባል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው በ1990ዎቹ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጉድኢናፍ ከሚባሉ ሊቅና ከባልደረቦቻቸው ሥራ የወጣ ነው፤ እኚህም ሊቅ በ2019 ከኹለት ሊቃውንት ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ባትሪ ሲገዙት ውድ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሺሕ ጊዜ ሞልቶ ይጐድላል፥ በእሳትም ቶሎ አይያዝም። ዋጋውን በሚያገለግልበት ዘመን ቢያካፍሉት፥ ውድ የተባለው ርካሽ ኾኖ ይገኛል።

በቤታችን ሕግ ኾኖ የተደነገገ አንድ ነገር አለ፤ የእንጀራ ምጣድ በባትሪ አይሠራም። ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ስለሚወስድ የኹለት ቀኑን ስንቅ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ይጨርሰዋል። እንጀራ የሚጋገረው የመንገዱ መብራት ሲኖር ነው።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በሐምሌ ነው። ደመናው ሳይገለጥ ሦስት ቀን ዋለ፤ በዚያው መካከል የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሰሌዳዎቹ በበጋ ከሚሰጡት እኩሌታውን እንኳ አልሰጡም። ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ዘጉ፤ በአንድ አምፖል ሥር ተሰብስበው አጠኑ፤ ፍሪጁ ግን አልቆመም። በኹለተኛው ሌሊት አንዲት ጎረቤታችን የልጃቸውን ኢንሱሊን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው በራችንን መቱ። እናታችን ራሳቸው ተነሥተው ከራሳቸው መድኀኒት አጠገብ አኖሩላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የፍሪጃችን ላይኛው መደብ የሰፈሩ ነው። የጓዳው ጣራ እስከ ዛሬ ያፈሳል፤ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጦበታል፤ እናታችን ግን ስለ ጣራው ዳግመኛ አላነሡም።

እንግዲህ ይህን ሥራ ለሚያስብ ባለቤት የምንመክረው ጥቂት ነው። ከመግዛትዎ በፊት የአንድ ወር መዝገብ ይያዙ። ነጋዴውን፥ «የመንገዱ መብራት ሲጠፋ ቤቴ ይበራልን?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ባትሪውን ከመኝታ ቤት አርቀው፥ ነፋስ በሚገባበትና ውሃ በማይደርስበት ስፍራ ያኑሩ። ያለ ዐዋቂ እጅ ከቆጣሪው ጋራ አያገናኙት። በበጋ የሰሌዳውን አቧራ በእርጥብ ጨርቅ ያስጠርጉ። ያረጀውንም የእርሳስ ባትሪ በጓሮ አይጣሉ፤ መርዙ ወደ አፈርና ወደ ውሃ ይወርዳልና። ጎተራው ከሞላ በኋላም፥ በጨለማ የተቀመጠ ጎረቤት እንዳለ አይዘንጉ።