ሽሪምፑና አባቴ

ባለፈው ጁሙዓ ጃፓኖች ኤቢ ቺሊ የሚሉትን ጣፋጭና የሚያቃጥል የሽሪምፕ ምግብ ቤቴ ሠራሁ። የአሠራሩ መመሪያ ሳኬ የተባለ የሩዝ መጠጥ ጨምሩ ይላል፤ አስካሪ ነውና ትቼ ሎሚ ጨመቅሁበት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በዘይት አቁላልቼ ኬችፕ፣ ጥቂት ስኳርና ሚጥሚጣ አከልኩ። ሽሪምፑን 3 ደቂቃ ያህል ብቻ አበሰልኩት፤ ከቆየ ይደርቃል።

አባቴ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። ሐነፊይ ናቸው፤ በመዝሀባቸው ከባሕር እንስሳት የሚበላው ዓሣ ብቻ ነው፤ ሽሪምፕ ዓሣ ይባል አይባል ዑለማዎቹ ይለያዩበታል። እኔ መድረሳ የቀራሁት በሻፊዒይ ነው፤ ይፈቅዳል። የማስተምረው ባዮሎጂ ደግሞ ዓሣ አይደለም ይላል። ኪታብ ጠቅሼ ልሟገት ቃጣኝ። ነገር ግን ኢኽቲላፍ አዳብ እንዳለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ምስር ወጥ አቀረብኩላቸው። በአንድ ማዕድ ቢስሚላህ ብለን በላን።