የተመረጠ ሰው ሲወርድ ምን ይባላል?

አማርኛችን በሹመት ነገር ባለጸጋ ነው። ለ«ተሾመ» አቻ የሚሆን «ተሻረ» አለው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ሰውም ብዙ አይገኝም። እስቲ እርስዎን ልጠይቅ፤ «ተመረጠ» ለሚለው ቃል ተቃራኒው ምንድን ነው? «ወደቀ» እንዳይሉኝ፤ መውደቅ ለተማሪም ለግንብም የሚሆን ቃል ነው። «ተነሣ» ቢሉኝም የሚያነሣው የበላይ አካል እንጂ መራጩ አይደለም። እኔ ፈልጌ አጣሁት። መቼም ድርጊቱ ካልተለመደ ስሙ ከየት ይመጣል?

እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። «ከንቲባ» የሚለው ማዕረግም የአገሬ ልጅ ነው፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የደምቢያ ገዥ መጠሪያ ነበርና። ኋላ ግን ማዕረጉ የከተማ ሹም መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከስማቸው ጋር ተጣብቆ ከቀረባቸው ሰዎች ዋናው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። በኢየሩሳሌምና በስዊስ አገር ተምረው የመጡት እኒህ ሰው የጎንደርም የአዲስ አበባም ከንቲባ ሆነው ሠርተዋል፤ በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት መልእክተኞችም አንዱ ነበሩ። ትልቅ ሰው መሆናቸውን የሚክድ የለም። ይሁንና በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመናቸው አንድም ጎንደሬ «ይሁኑልን» ወይም «ይውረዱልን» ብሎ ድምፅ አልሰጠም። ንጉሥ ሾመ፣ ንጉሥ አነሣ። ዘመኑ ነውና አይፈረድበትም።

ልጃቸው ስንዱ ገብሩ ግን በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውን ሕገ መንግሥት ተከትሎ በተካሄደው የመጀመሪያ ምርጫ አሸንፈው፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ ተመራጭ ሆኑ። አባት በሹመት፣ ልጅ በምርጫ! አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ትውልድ ልዩነት፣ አገሪቱ መንገድ የቀየረች ይመስል ነበር። ከተማዎቹ ግን በቆዩበት ቆዩ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ ከአዲስ አበባ ጋር በስም ለይቶ ከንቲባ የፈቀደው ለጎንደር ቢሆንም፣ ከንቲባው የሚሾመው ያው ከላይ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1997 ዓ.ም.፣ ነገሩ የተገለበጠ መሰለ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። እኛ ወሬውን ጎንደር ላይ ሆነን በሬዲዮ ሰማን። ተመራጮቹ ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ለከንቲባነት መረጡ፤ ከንቲባው ግን ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ቀሩ። ቅንጅት ድምፅ ተጭበርብሯል ብሎ ርክክቡን ተወው፤ መንግሥት ደግሞ በጥቅምት 1998 መሪዎቹን ማሰር ጀመረ። ዶክተር ብርሃኑ ከእስር የወጡት በሐምሌ 1999 ነው። ከተማው እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ በባላደራ አስተዳደር ተዳደረ። እንግዲህ ያ የአዲስ አበባ መራጭ ስለ ተመራጮቹ ምን ተማረ? ጥሩ ይሁኑ መጥፎ፣ ቆሻሻ ያስነሡ አያስነሡ፣ የማየት ዕድሉን አላገኘም።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልመለስ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት መምህርት የምክር ቤት አባል ሆኑ። በዚያ ምርጫ ገዥው ፓርቲ በአገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ የሆነውን የአካባቢ መቀመጫ ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ወሰደ፤ እሳቸውም ያለ ተፎካካሪ ነበር ያለፉ። ቢሆንም ሰፈርተኛው እንደ ተመራጭ ያያቸው ነበር። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ውኃ በጠፋ ቁጥር ተጠያቂዋ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ቦኖ ውኃ ተሰልፈን ሳለ አንዲት ወጣት፣

«እትዬ፣ ውኃው መቼ ነው የሚመጣ?» አለቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ እኔስ ጄሪካን ይዤ ከኋላሽ አይደል የቆምሁ?» አሉ እየሳቁ።

ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። የሴትዮዋ መልስ እውነት ነበር፤ ደግሞም መልስ አልነበረም። የአምስት ዓመት ዘመናቸው በ2010 ዓ.ም. አለቀ። የአካባቢ ምርጫው ግን ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም. አገር አቀፍ ምርጫ ሲካሄድ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ተመረጡ፤ የእኛና የሌሎች ከተሞች ተራ አልደረሰም። ጎረቤቴን ማንም እንደገና አልመረጣቸውም፣ ማንም አላወረዳቸውም። ደክመው ከነበረ «ይብቃዎት» የሚላቸው፣ ሠርተው ከነበረም «ይድገሙት» የሚላቸው ጠፋ። ለእሳቸውም ቢሆን ይህ በደል ነው እላለሁ።

ሕዝባችን ምርጫ አያውቅበትም የሚሉ አሉ። ዳባት ወጣ ብሎ አጎቴ ያሉበትን እድር ያየ እንዲህ አይልም። ዳኛው የሚመረጠው በአባላቱ ፊት ነው። ገንዘብ ያዡ በዓመቱ ሒሳቡን በቃሉ ይቆጥራል፤ ጸሐፊው ደብተሩን ይገልጣል፤ ያልጣመው ሰው «ዳኛ ይቀየርልን» ይላል፣ ይቀየራልም። የወረደው ዳኛ በማግስቱ ከእድርተኛው ጋር ድንኳን ይተክላል። አይታሰርም፣ አይሰደድም፣ ጠላትም አይባል።

ዳባት ላይ ለድንኳንና ለምጣድ የሚሠራ ነገር ለውኃና ለመንገድ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። የመጀመሪያው ምርጫ መራጩ ምን ተስፋ እንዳደረገ ይናገራል፤ ምን እንዳየ የሚናገረው ሁለተኛው ነው። የእኛ ተመራጮች የፖለቲካ ሕይወት ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ ይቀራል። አንዱ ወንበሩን ሳይነካ ይታሰራል፣ ሌላው ቀኑ አልፎበት ይቀመጣል።

ለ«ተመረጠ» ተቃራኒ የሚሆን ቃል ያገኘ አንባቢ ካለ ይጻፍልን። ከቃሉ በፊት ግን ድርጊቱን ብናገኝ እመርጣለሁ።