በረዶው ሲቀልጥ ከማሳ የሚወጣው

እዚህ ሚኒሶታ፣ በኅዳር ከሚኒያፖሊስ ወደ ደቡብ ብትነዱ፣ በቆሎው ተሰብስቦ ባዶ በቀረ ማሳ ላይ ትራክተሮች ነጫጭ ታንክ እየጎተቱ ሲመላለሱ ታያላችሁ። ታንኩ የያዘው አሞኒያ ነው። ከኋላ የተደረደሩት ቢላዎች አፈሩን እየሰነጠቁ ጋዙን ወደ ውስጥ ይለቁታል። ማዳበሪያው ለመጪው በቆሎ ነው፤ በቆሎው ግን የሚዘራው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው።

አገር ቤት ስንዴ የሚያመርት ገበሬ ዩሪያውን ከፋፍሎ ይሰጣል፤ ትልቁን ድርሻ የሚበትነው ቡቃያው ከታረመ በኋላ፣ ሥሩ ለመሳብ ሲደርስ ነው። በዚህ ነገር የእኛ ገበሬ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የሚኒሶታውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጸደዩ አጭርና ጭቃ ነው፣ በመኸር ግን ጊዜ አለው። የሚሰጠው ምክር አፈሩ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ የሚል ነው። አሞኒያውን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በብርድ ይዳከማሉና። ይዳከማሉ እንጂ አያቆሙም። ናይትሬት ከሆነ ደግሞ አፈሩ አይዘውም፤ ከውኃ ጋር ይሄዳል።

በብርዱ ወራት ሁሉም ነገር የሞተ ይመስላል። ወፍራም በረዶ ግን አፈሩን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ስለሚያቆየው ከሥሩ ሕይወት አለ። ቅዝቃዜው የገደላቸው ተሕዋስያንና ሥሮች በመጋቢት በረዶው ሲቀልጥ ለተረፉት ቀለብ ይሆናሉ። የላዩ አፈር ይፈታል፣ ከታች ያለው ገና ድንጋይ ነው፤ ውኃው መውረጃ አጥቶ አፈሩን ያፍነዋል። ኦክስጅን ያጡ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ከዚህ አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ በሙቀት አማቂነቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ 270 እጥፍ ይበልጣል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣ በካናዳ ማሳዎች ልኬት ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ይህ በረዶ የሚቀልጥበት ወቅት ካልተቆጠረ ከዓለም የእርሻ መሬት የሚወጣው ጋዝ ከ17 እስከ 28 በመቶ አንሶ ይገመታል ይላል። የተረፈው ናይትሬት ከማሳው ሥር በተቀበሩ ቧንቧዎች ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝ ይወርዳል።

የእኛ አፈር በብርድ አይደነድንም፤ ግን በጋ አለው። ወራት ሙሉ የደረቀ መሬት የመጀመሪያውን ዝናብ ሲያገኝ በድንገት ይነቃል፣ ናይትሮጅንም ይለቃል። ይህን በምሥራቅ አፍሪካ አፈር ላይ አጥንቶ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ኤች. ኤፍ. በርች ነው፤ ክስተቱም በስሙ ይጠራል። በዚያ ጊዜ የጤፍ ማሳ ምን ላይ ነው? ገና እየታረሰ ነው። አራት አምስት ጊዜ ተደጋግሞ እስኪለሰልስ ሰኔ ያልፋል፣ ዘሩም ሐምሌን ይጠብቃል። በመረሬ መሬት ደግሞ ይብሳል፤ ውኃ የተኛበት ጥቁር አፈር ልክ እንደ መጋቢቱ የሚኒሶታ ማሳ ታፍኖ ይከርማል። ሽምብራው የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በሁለቱም አገር ናይትሮጅኑ የሚለቀቀው የሚቀበለው ሥር በሌለበት ሰዓት ነው።

እዚህ ሚኒሶታ አንዳንዶች በመኸር ራይ የተባለ ብርድ የሚችል እህል ይዘራሉ፤ በጸደይ ቀድሞ ተነሥቶ ናይትሬቱን ይይዛል። ችግሩ በቆሎ ዘግይቶ ስለሚሰበሰብ ራዩ ሥር ሳይሰድ ብርዱ መድረሱ ነው። አገር ቤትም መሬቱን በሽፋን ሰብል አልብሱት ማለት ቀላል አይደለም፤ ደጋግሞ ማረሱ አረም መግደያ ነው፣ በበጋም ቃርሚያው የከብት ግጦሽ ነው። መረሬ ላይ ግን ውኃውን በወቅቱ ማፍሰስ ይቻላል። መደብና ቦይ አውጥቶ ቀድሞ መዝራት ዛሬም የሚሠራ ዘዴ ነው፤ የግብርና ባለሙያዎቻችን ምርት መጨመሩን ብቻ ሳይሆን የሚያድነውን ዩሪያም ቆጥረው ለገበሬው ቢነግሩት እወዳለሁ፤ ዩሪያው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ ከጂቡቲ ተጭኖ የሚመጣ ነውና።