ሁለቱ በቀለዎች እና ስም የሌለው ፍላሽ

ብዙነሽ በቀለ እና ሂሩት በቀለ እህትማማቾች አይደሉም። የአባታቸው ስም አንድ ስለሆነ ብቻ እህትማማች የሚያደርጋቸው ሰው ብዙ ነው። ብዙነሽ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፅ ነበረች፤ ሂሩት የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ። አንዷ ከሐረር የመጣች፣ ሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ። በአንድ ዘመን ዘፈኑ እንጂ አንድ ቡድን ሆነው አያውቁም።

ዛሬ ግን አንድ ላይ ታስረዋል፤ «ምርጥ የድሮ ዘፈኖች» በሚል ፎልደር ውስጥ። «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02»... ማን እንደዘፈነው የለም፤ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን እንደሆነ የለም።

እስኪ ወደ ሸዋሮቢት እንውረድ። የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ ለይፋት ቆላ ዘፈን ድሮም የሚደርሰው በመኪና ነው። የጣርማበርን ብርድ አልፎ የሚወርደው ሾፌር ካሴቱን ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ካሴቱ ፍላሽ ሆኗል።

ባለቤታቸው በዚሁ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ያረፉ አንዲት እናት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ቡና አፍልተው የሚያዳምጡት እንዲሆናቸው የብዙነሽን ዘፈኖች ሊያስጭኑ አንድ ሱቅ ገቡ። ልጁ ከፈተላቸው። ጥቂት ሰምተው፦

«አይ ልጄ፣ ይቺማ ሂሩት ናት።»

«እማማ፣ እዚህ ላይ እኮ ብዙነሽ ነው የሚለው።»

«ይበላ! እኔ የምሰማው በጆሮዬ ነው።»

ልጁ ሳቀ፤ ስሙን ግን አላስተካከለም። ስክሪኑን አመነ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኚህ እናት ሲያልፉ ያ ጆሮ አብሮ ያልፋል፤ ፋይሉ ግን ስህተቱን እንደያዘ ከስልክ ስልክ ይኖራል።

«የምርጦች ስብስብ ሁሉም አገር አለ፤ ምን ችግር አለው?» የሚል ይኖራል። አለ። ሱፕሪምስ የተባሉት የዲትሮይት ሴቶች 12 ዘፈኖቻቸው በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የምርጥ ዘፈኖቻቸው ስብስብም እንዲሁ አንደኛ ሆኗል። ያንን የወደደ ሰው ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉ አልበሞቹን ያገኛል። ስብስቡ መግቢያ በር ነው፤ ቤቱ ከኋላው አለ።

የእኛዎቹ ታሪክ ይለያል። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሬከርድስን ሲጀምርም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ የዘመኑ ዘፈን በአብዛኛው የወጣው በትንንሽ ሸክላ ነው፤ በአንዱ ገጽ አንድ ዘፈን፣ በጀርባው ሌላ። ሸክላው ተሰበረ፣ ተጫረ፣ ከአገር ወጣ። ስለዚህ ለእኛ ስብስቡ በሩም ቤቱም ነው። እዚያ ላይ ያልተጻፈ ስም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚፈለግበት ቦታ የለውም።

በዚያ በአሜሪካው ስብስብ ላይ እንኳ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሽፋኑ የሚለው «ዳያና ሮስ እና ሱፕሪምስ» ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ፍሎረንስ ባላርድ በዚያው ክረምት ከቡድኑ ወጥታለች። ድምፅዋ ሸክላው ውስጥ አለ፤ ስሟ ግን «እና» ከምትለው ቃል ኋላ ተቀብሯል። ቤቱ የቆመላቸውም ቢሆኑ ስም ይጠፋባቸዋል፤ የእኛዎቹማ እንዴት ይሆኑ?

በደንብ የተሠራ ስብስብ ምን እንደሚመስል አይተናል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ውስጥ 16ኛው የአስናቀች ወርቁ ነው። ባለክራሯ አስናቀች ለብቻዋ፣ በስሟ፣ ታሪኳ በሚነገርበት ጽሑፍ ታጅባ ወጣች። ዘፈኑን ያልሰማ ሰው እንኳ ማን እንደሆነች ያውቃል።

«ሕዝቡ የሚፈልገው ዘፈኑን እንጂ ስሙን አይደለም» የሚሉ አሉ። ዘፋኝ ግን ከስሙ ሌላ ምን ይተርፈዋል? ብዙነሽ እ.ኤ.አ. በ1990 አረፈች። ሂሩት ዓለማዊ ዘፈን ትታ ወደ መዝሙር ከተመለሰች ከብዙ ዓመት በኋላ በ2015 ዓ.ም. አረፈች። ሁለቱም «ይሄ የኔ ነው» ብለው መከራከር አይችሉም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው በስሙ የመታወቅ መብት ሰጥቷል፤ ግን የትኛው ፖሊስ ነው ፍላሽ እየከፈተ ስም የሚያይ?

ይህን የሚያደርገው ፎልደሩን የያዘው ሰው ነው። ሾፌሩ፣ ባለሱቁ፣ ቻናል የከፈተው ወጣት። ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው፤ «ትራክ 01» የሚለውን አጥፍቶ የዘፋኟን ስም መጻፍ፣ ከታወቀ ግጥምና ዜማውን፣ ያጀበውን ባንድ መጨመር። የማይታወቅ ከሆነ መጠየቅ። የሚለይ ጆሮ ያላቸው እናቶችና አባቶች ገና በየመንደሩ አሉ።

ጫኑ፣ አዳምጡ፣ አካፍሉ። ግን «ይቺማ ሂሩት ናት» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትሳቁ፤ ጻፉት።