ሞተር ሲታደስ እስከ የት?

በስደት የምንገኝ ተማሪዎች «ጥገና» የሚለውን ቃል የወረስነው ከነጥርጣሬው ነው። በ1966 ዓ.ም. በፈነዳው አብዮት ዘመን፣ በተማሪው ክርክር ውስጥ «ሥር ነቀል» መባል ክብር፣ «ጥገናዊ» መባል ስድብ ነበር። እኛ በካልጋሪ የምንኖር ጥቂቶች ባለፈው የበረዶ ወራት ይህንኑ ሙግት በአንድ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ላይ ተሟግተነዋል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም። ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው በሲሊንደሩ ውስጥ ተጨምቆ የጋለው አየር ነው። ፋሻው ሲላላ፣ ሲሊንደሩም ሲበላ፣ አየሩ ከነሙቀቱ ሾልኮ ያመልጣል። አዲስ አበባ ላይ ጥቂት አጉረምርሞ የሚነሣ ሞተር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚደርስበት የካልጋሪ ማለዳ ጨርሶ እምቢ ይላል። እዚህ የሞተር ማሞቂያን ሌሊቱን ኤሌክትሪክ ላይ ሰክቶ ማሳደር የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ማሞቂያ የተበላን ብረት አይመልስም።

የጭነት መኪናዋ የአምስታችን ናት። ከመካከላችን አንዱ ትምህርቱን አቋርጦ ይነዳታል፤ የሁለታችን የትምህርት ክፍያና ለወላጆቻችን የምንልከው ገንዘብ ከእርሷ ይወጣል። ሰማያዊ ጭስ እያጨሰች ዘይት መጠጣት በጀመረች ጊዜ ሦስት ሐሳቦች ቀረቡ። አንደኛው፣ ፋሻና ብሮንዚና ብቻ ለውጠን እንሥራባት የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ ሞተሩ ሳይወርድ ፒስተኑ፣ ሲሊንደሩ፣ ፋሻውና ብሮንዚናው ይለወጥ፤ ቴስታታውም ይታደስ አለ። ሦስተኛው፣ ሞተሩ ወርዶ ክራንክ ሻፍቱ ይፋቅ፤ ያልተነካ ብሎን አይቅር አለ። ቆጣቢዎቹ ከአንደኛው፣ ቆራጦቹ ከሦስተኛው ወገን ተሰለፉ።

ሙግቱ ማይክሮሜትር እስኪመጣ ድረስ አላለቀም። ሲሊንደሮቹን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ለካናቸው። ሲሊንደር አብዝቶ የሚበላው የላይኛው ፋሻ ደርሶ በሚመለስበት ቦታ ነው፤ የእኛዎቹም ከላይ ሰፍተው ከታች ጠበው ተገኙ። እንዲህ ባለ ሲሊንደር ውስጥ የገባ አዲስ ፋሻ በየምልልሱ ሲሰፋና ሲጠብ ቶሎ ይደክማል፤ ይሰበራልም። አንደኛው ሐሳብ በዚህ ወደቀ። ክራንክ ሻፍቱ ግን ፋብሪካው በፈቀደው ልክ ውስጥ ነበር። ክራንክ ሻፍት የሚፋቀው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ ከጤነኛው ላይ 0.25 ሚሊ ሜትር ማንሣት የነገን ስንቅ ዛሬ መብላት ነው። ሦስተኛውም ወደቀ።

ሁለተኛውን ልንጀምር ስንል፣ በአገር ቤት በፊያት 682 ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ አንድ አዛውንት መካኒክ መጥተው፣ «ልጆቼ፣ ለመሆኑ ምን በላው?» ሲሉ ጠየቁን። ብንፈልግ፣ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ በሚወስደው የጎማ ቱቦ ላይ ስንጥቅ አገኘን። በዚያ የገባው አቧራ ከዘይቱ ጋር ተደባልቆ ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው ኖሯል። ቱቦው ከለወጥነው ዕቃ ሁሉ ርካሹ ነበር። እርሱ ባይለወጥ ኖሮ ግን፣ ሞተሩን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ብናድሰውም በአጭር ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለስ ነበር።

«ሥር ነቀል ወይስ ጥገናዊ?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ በጋራዥ ውስጥ ተራውን መጠበቅ አለበት። ምን በላው? የቱ ተበላ? ጤነኛ ሆኖ የቀረውስ የቱ ነው? እነዚህ ይቀድሙታል። በየስደት አገሩ ስለ አገራችን የምንከራከር ወገኖች፣ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ እንሰማለን፤ ጭሱንም እናያለን። መለኪያው ግን በእጃችን አይደለም። ይነቀል ወይም ይጠገን ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ በአጠገቡ ቆመው የሚለኩትን መጠየቅ ይገባናል።