ማስጠንቀቂያው በርሜሉ ላይ ቀረ

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከምርጫና ከፓርቲ ወሬ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ሊመስል ይችላል። የዜጋ ደኅንነት ግን የሚለካው በእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እኔ በምኖርበት የአዲስ አበባ ሰፈር ቲነር የሚሸጠው ከበርሜል እየተቀዳ ነው። በቅርቡ አንድ ሊትር ስገዛ ሻጩ የሞላልኝ የማዕድን ውኃ ስያሜው ገና ባልተላጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነበር። በርሜሉ ላይ የእሳት ምልክትና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ። ወደ ቤቴ የመጣው ግን ፈሳሹ ብቻ ነው።

ሕፃን ልጅ ውኃ መስሎት ቲነር ወይም ነጭ ጋዝ ቢጠጣ ዋነኛው አደጋ ሳንባው ላይ ነው። ፈሳሹ ቀጭን በመሆኑ በቀላሉ ወደ መተንፈሻ ቱቦ ገብቶ ሳንባን ያቆስላል። በየቤቱ ግን ቀድሞ የሚታሰበው ልጁን ማስመለስ ነው። ሲያስመልስ ፈሳሹ በጉሮሮው ዳግመኛ ስለሚያልፍ አደጋው ይብሳል። «ከተጠጣ አታስመልሱ፤ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱ» የሚለው አጭር ቃል መጻፍ የነበረበት እዚያ ጠርሙስ ላይ ነው። የደነገጠች እናት በዚያች ደቂቃ ከማን ትጠይቅ?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣችው የአደገኛ ንጥረ ነገሮች ሕግ የአደጋው ዓይነትና የመጀመሪያ እርዳታው በመያዣው ላይ እንዲጻፍ አስገድዳለች፤ የምግብ መያዣን መልሶ ለአደገኛ ንጥረ ነገር ማዋልንም ከልክላለች። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2003 ፊደል ላልቆጠረም የሚገቡ የአደጋ ምልክቶችን የያዘ ዓለም አቀፍ ሥርዓት አሳትሟል። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ዕቃዎች መለያ ደንግጓል። ስለዚህ የጎደለው ሐሳብ አይደለም፤ ሕጉን ከበርሜሉ እስከ ጠርሙሱ የሚያደርስ ሰው ነው።

ቲነር ከበርሜል መቅዳት ይከልከል አልልም። አቅም ያነሰው ወገናችን የሚገዛው በሊትርና በግማሽ ሊትር ነውና። ነገር ግን አስመጪው ከእያንዳንዱ በርሜል ጋር በአገር ቋንቋ የታተመ ተለጣፊ ማስጠንቀቂያ ያስረክብ፤ ቸርቻሪውም በውኃ ጠርሙስ አይሽጥ። ግብር ለመሰብሰብ እስከ ሱቁ ደጃፍ የሚደርስ መንግሥት ይህን ለመቆጣጠር መንገዱ አይጠፋውም።

ሳይቃጠል በቅጠል!